ቤት በገንዘብ፣ ጎረቤት በምግባር



ደላላ ሲባል በብዙ ሰዎች ሐሳብ የሚሣለው ምላሱ የረዘመ፣ ስልኩ የማያርፍ፣ የገዢውንም የሻጩንም ኪስ በአንድ ዐይን የሚለካ ሰው ነው። ይህን ስም ያተረፍነው ያለ ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቤት ስናሳይ የምንውል ሰዎች ከሌላው ይልቅ አዘውትረን የምናየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው ቤት ሲፈልግ በእውነት የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋህ ስለዚሁ ጕዳይ ነው። «አንተ» ስል አንቺንም ጭምር መሆኑን፣ እኅቴ ሆይ፣ ከመነሻው ዕወቂልኝ።

ትምህርቱን ጨርሶ መሥሪያ ቤት የገባ ወጣት ወደ እኛ ሲመጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ኪራዩ ስንት ነው? ክፍሉ ምን ያህል ይሰፋል? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? ሽንት ቤቱስ?» ይላል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ እኔም በሚገባ እመልስለታለሁ። «አጠገቡ ማን ይኖራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ያው ሰው ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ለቅቆ ሌላ እንድፈልግለት ሲመጣ ደግሞ የሚያማርረው ስለ ጣሪያው ወይም ስለ ወለሉ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰው ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ያልጠየቀው ነገር በመጨረሻ ከቤቱ አስወጣው ማለት ነው።

ቋንቋችንን ልብ ብለህ ብትመረምረው የቤትን ነገር አክብሮ ይዞታል። አንድ ዕቃ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ «ባለቤቱ ማን ነው?» እንላለን፤ ዕቃው እስክርቢቶ ቢሆንም እንኳ። ባል ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባሏ ሲናገሩ «ባለቤቴ» ይላሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን «ቤተ ሰብ» እንላቸዋለን። በግዕዝ «ጎር» የሚለው ቃል ብቻውን አጠገብ የሚኖር ሰው ማለት ነው፤ አማርኛችን ግን ቤትን ጨምሮበት «ጎረቤት» አለው። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን ቤትን ከግድግዳና ከጣሪያ አስበልጠው ሰው ከሰው ጋር የሚያያዝበት ነገር አድርገው እንደ ቈጠሩት ነው።

ይህ የደላላ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስልህ የከተማችንን ታሪክ ተመልከት። ዐዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እንደ ዛሬው በመሐንዲስ ተለክታ የተሸነሸነች አልነበረችም። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ፤ ወታደሩና አገልጋዩም ዙሪያቸውን ከብቦ ጎጆውን ቀለሰ። «ሰፈር» የሚለው ስም ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ስለዚህ ከሰፈሮቻችን ብዙዎቹ የተጠሩት በሰው ስም ወይም በሰዎች ሥራ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር የአንድ መኰንን ስም ነው፤ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የባለ እጆች መኖሪያ ነበረ። ቤቱ የተሠራው ሰው ከሰው ጋር ለመሆን ሲል ነው እንጂ፣ ሰው የተሰበሰበው ቤት ስለ ተሠራ አልነበረም።

የመንግሥት ሠራተኛ ለሆንኸው አንባቢዬ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገርህ። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ያሠራቸውም ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ሕዝቡ ስሙን ለአፉ እንዲመች አድርጎ «ካዛንቺስ» አለው። ፖፖላሬም እንዲሁ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የቀረ ነው። ስለዚህ የካዛንቺስ ስም ሲፈታ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የቤት ጥያቄ እንግዲህ የትናንት ጥያቄ አይደለም፤ በከተማይቱ ስም ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ትልቅ ለውጥ አባትህ ወይም አያትህ ያስታውሱታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ነው። ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ተደረጉ። ኪራዩ እንዲቀነስ በመደረጉ ብዙ ድኻ እፎይ አለ። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለማደሻ የሚበቃ ስላልነበረ የጭቃው ግድግዳ ዓመት በዓመት እየተሸረሸረ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሄደ። ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ ለብዙ እማወራ አንድ የውሃ ቧንቧ ሆነ። ይህን ሁሉ እያየሁ የቀበሌ ቤት ኑሮ ምቹ ነበረ ብዬ አላታልልህም።

ሆኖም በዚያ በጠበበው ግቢ ውስጥ አንድ የጠነከረ ነገር ነበረ፤ እርሱም ዕድር ነው። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለአንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ቢሆንም አሠራሩን አንድ ጊዜ እንመልከተው። አባል ሁሉ በየወሩ ጥቂት ብር ያዋጣል። በዚያ ገንዘብ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳሕን ይገዛል። ከአባሎቹ ቤት ሰው ሲሞት ጥሩምባው ይነፋል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ለቅሶኛው ብቻውን እንዳያድር ተራ ገብተው አብረውት ይቀመጣሉ። ይህን ለማድረግ የማንም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አያስፈልግም። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ያዝናሉ። ሹሙና ዘበኛው የሚያዋጡት መዋጮ እኩል ነው። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በይሉኝታው ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ሁላችን ኮንዶሚኒየም የምንለው መጣ። በገርጂ ለሙከራ ከተሠራው ተነሥቶ በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ እንዲመዘገብ ሲጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉት መንገዶች እንደ ገና ምዝገባ ተደረገ። የመጀመሪያው ቍጥር ተመዝጋቢው ቆጥቦ በቅድሚያ የሚከፍለው ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ያመለክታል፤ የቀረው በባንክ ብድር ይሸፈናል። ዕጣው እስኪወጣለት ከዐሥር ዓመት በላይ በየወሩ ሲቆጥብ የኖረው ብዙ ነው። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ሥፍራዎች ሁሉ በዚህ መንገድ የተሞሉ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ከጭቃ ወደ ብሎኬት፣ ከጋራ ሽንት ቤት ወደ ግል መታጠቢያ የተሻገረውን ቤተ ሰብ ስታይ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ትረዳለህ።

ነገር ግን ልብ በል። በቀበሌው ግቢ የነበረው ጎረቤት በምድር ላይ ጎን ለጎን ነበረ፤ በፎቁ ላይ ግን ጎረቤት ከራስህ በላይና ከእግርህ በታች ሆነ። ያንተ ወለል የእርሱ ጣሪያ ነው፤ ያንተ ውሃ ሲፈስ የእርሱ ግድግዳ ይረጥባል፤ ቡና ስትወቅጥ እርሱ ራሱን ይታመማል። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበት ነበርና በየሥፍራው በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ለቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ቤት አብሮ እንዲሠራ አደረጉ። ሕጉም፣ ማለት የ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 370፣ ቤት የገዛው ሰው የግል ክፍሉ ባለቤት ብቻ ሳይሆን የደረጃው፣ የጣሪያውና የግቢው የጋራ ባለቤት እንዲሆን፣ የባለቤቶችም ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። ዛሬ ግን በአንዳንድ ሥፍራ የጋራው ቤት ለሱቅ ተከራይቶ፣ የማኅበሩ ስብሰባ ሦስት ሰው ብቻ የሚገኝበት ሆኖ፣ የደረጃው አምፑል ለወራት ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ሁሉም የክፍሉን በር በብረት አጠናክሯል፤ የጋራውን ግን «የማንም አይደለም» ብሎ ትቶታል። «የጋራ» ማለት «የማንም» ማለት ሲሆን ቤቱ ከውስጥ በኩል መፍረስ ጀመረ ማለት ነው።

በቅርቡ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ምክንያት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱ ማማሩን ዐይን ያለው ሁሉ ያያል። ከተነሡትም ውስጥ ከፈራረሰ ቤት ወጥቶ ንጹሕ ክፍል የገባ አለ። እኔ በሥራዬ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ከተማውን አቋርጠው በሦስት ታክሲ እየመጡ ለቀድሞ ዕድራቸው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሰው ሲሞት ተመልሰው የሚያለቅሱት ከቀድሞዎቹ ጎረቤቶች ጋር ነው። ለቤቱ ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለዕድሩ ምትክ የሚሰጥ ቢሮ ግን የለም። እርሱን መልሶ የሚሠራው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ለመሥራትም ከሲሚንቶና ከብረት ይልቅ ዓመታት ይፈጅበታል።

እንግዲህ ወደ አንተ ጕዳይ እንመለስ። «ደመወዜ ትንሽ ናት፤ ልከራይ ወይስ ከከተማ ወጥቼ ልግዛ?» ትለኝ ይሆናል። ለእኔማ ሁላችሁም ብትገዙ ይሻለኛል፤ የሽያጭ ኮሚሽን ከኪራይ ይበልጣልና። ነገር ግን ከመወሰንህ በፊት አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ቤቱ ከመሥሪያ ቤትህ እጅግ የራቀ ነው እንበል። ሲሄዱ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለሱ ሁለት ታክሲ፤ አንዱ 20 ብር ቢሆን በቀን 80 ብር፣ በወር 22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ይሆናል። መንገዱ በመሄድና በመመለስ ሦስት ሰዓት ቢወስድ በወር 66 ሰዓት ነው፤ ይህም ከስምንት የሥራ ቀን ይበልጣል። ስለዚህ የቤቱን ዋጋ ስትጠይቅ የመንገዱንም ዋጋ ጨምረህ ጠይቅ። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በጫማው ኮቴ ብቻ ነው።

ይህን ስል ቤት አትግዛ ማለቴ አይደለም። የራሱ ቤት ያለው ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አያንከራትትም፤ በኪራይ ጭማሪ እንቅልፍ አያጣም፤ እርጅናም ሲመጣበት የሚያርፍበት አለው። ከተቻለህ ግዛ፤ ካልተቻለህ ቆጥብ፤ ዕቁብም ግባ። የምቃወመው አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ቤት እስኪኖረኝ» የሚለው በሽታ ነው። «ቤት እስኪኖረኝ ዕድር አልገባም፤ ቤት እስኪኖረኝ ሰው አልጠራም፤ ቤት እስኪኖረኝ ከማንም አልተዋወቅም፤ ነገ ለምለቅቀው ሰፈር ምን አደከመኝ» እያለ ዕድሜውን በመጠባበቅ የሚጨርስ ወጣት ቍጥሩ ብዙ ነው።

ይህ በሽታ የት እንደሚያደርስ ላሳይህ። እኔ በምሠራበት ሰፈር በአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ አራት ዓመት የተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ኪራዩን ቀን አያሳልፍም፤ ድምፁ አይሰማም፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። አከራይዋ እንዲህ ያለ ተከራይ አላየሁም እያሉ ያመሰግኑት ነበር። በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ከፊት ሆኖ ነው፤ ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር ነው። ይህ ልጅ ግን የእናቱን ዕረፍት የሰማው ማታ በስልክ፣ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ ነው። ግቢው ያወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነበረ። አከራይዋም እንባቸው እየወረደ፣

«ልጄ፣ ምነው ሳትነግረን? ሰው የሌለህ መሰለህን?» አሉት።

«እማማ፣ በማን ስም ልጥራ? የማንንም ስም አላውቅም» አላቸው።

ልብ በል፣ አንባቢዬ፤ በዚያ ግቢ ክፉ ሰው አልነበረም። አልቃሽም አልጠፋም፤ ድንኳንም በዕድሩ ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ስም ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለክፍሉ ኪራይ ከፈለ፤ «እንደ ምን አደራችሁ» የምትለውንና ምንም የማታስከፍለውን ግን ሳይከፍል ቀረ። ጎረቤቶቹም ቢሆኑ ከነገሩ ነጻ አይደሉም፤ ከአራት ዓመት ውስጥ በአንዱ እሑድ እንኳ «ና ቡና ጠጣ» ብሎ በሩን ያንኳኳ አልነበረምና።

በአንጻሩ አንዲት ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ተከራይታ ስትገባ ዕቃዋን ካስገባች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ቡና ማፍላት ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኩታ ጠራች። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ያልመጡትም ግን ስሟን ያዙ። በሌላ ጊዜ ልጇ ሌሊት ሲታመም ከምድር ቤት የሚኖረው ባለ ታክሲ ሕፃኑን አቅፎ ደረጃውን ወረደ፤ ጎረቤቷ ቤቷን ጠበቀላት። እርሷም እንደዚያኛው ልጅ ተከራይ ነበረች፤ በእጇ ካርታ የላትም። በሰፈሩ ግን ባለቤት ናት።

እንግዲህ ሥራዬ ነውና ቤት እንዴት እንደሚታይ ጥቂት ልምከርህ። አንድን ቤት አንድ ጊዜ አይተህ አትወስን፤ በቀንም በማታም እየው። ማታ ስትሄድ መንገዱ መብራት እንዳለው፣ መጠጥ ቤቱ ምን ያህል እንደሚጮኽ ታውቃለህ። የምትችል ከሆነ በክረምት እየው፤ በጥር የደረቀው ግቢ በሐምሌ ኩሬ ይሆናል፤ የጣሪያውም ቀዳዳ ያን ጊዜ ይገለጣል። በከተማችን ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸውና ቢጫ ጀሪካን በደረጃው ላይ ተደርድሮ ካየህ ጠይቅ። የምትጠይቀውም እኔን ወይም አከራዩን አይሁን፤ እኛ «ውሃ አይጠፋም» እንልሃለን። የጥጉን ባለ ሱቅ ጠይቅ። እርሱ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው ጎረቤት ብድር እንደሚመልስ፣ ሌባ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል። ባለ ሱቁ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ሲናገር ፊቱን አስተውል፤ ከእኔ ምላስ ይልቅ የእርሱ ፊት እውነቱን ይነግርሃል።

የምትገዛ ከሆነ ደግሞ የወረቀቱን ነገር ጠንቅቅ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የምትገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። በሊዝ የተያዘ የመኖሪያ ቦታ ከሆነ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነውና ከዚያ ስንቱ እንዳለፈ ጠይቅ። በካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ ያልተያዘና በፍርድ ቤት ያልታገደ መሆኑን ከሚመለከተው ክፍል አረጋግጥ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የሚስቱ፣ ሻጯም ባለ ትዳር ከሆነች የባሏ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የቤተ ሰብ ሕጉ የጋራ ቤትን አንደኛው ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይደረግ፤ በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀት አይበቃህም።

በተለይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን እስከ አምስት ዓመት እንዳያስተላልፍ በመከልከሉ አንዳንዶች በውክልና ሲሸጡ ታያለህ። «ስሙን በኋላ እናዞራለን፤ እስከዚያ ውክልና ልስጥህ» ይሉሃል። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ አንተም ገንዘብህን ከፍለህ ከወራሾቹ ጋር ክርክር ትገጥማለህ። ይህን የሚነግርህ ደላላ ያንን ሽያጭ ያጣል፤ የማይነግርህ ደላላ ግን ደንበኛውን ያጣል።

ተከራይ ከሆንህም ሕግ አለህ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ቀን የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ልክ ነው። ይህ ሕግ ኪራይህን ብቻ የሚጠብቅ አይምሰልህ። ሁለት ዓመት እንደምትቀመጥ የሚያውቅ ሰው የጎረቤቱን ስም ለመያዝ ምክንያት አለው፤ በየስድስት ወሩ ዕቃውን በአይሱዙ የሚጭን ሰው ግን ሰፈርን እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ያያል። ስለዚህ የውል ዘመን የጉርብትናም ዘመን ነው።

ቤት ላላችሁ አንባብያንም አንድ ቃል አለኝ። ተከራይን በዕድር መዝገብ ላለመጻፍ «እርሱማ መንገደኛ ነው» የምትሉ ካላችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከከተማችን ነዋሪ እጅግ ብዙው የሚኖረው በሰው ቤት ነው። እርሱን ያላስገባ ዕድር ነገ ድንኳን የሚተክልለት ጕልበት አያገኝም፤ ሽማግሌ ብቻ ይዞ ሽማግሌ ይቀብራል። መግቢያ ክፍያው ለወጣት ደመወዝ ከከበደ በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ፍቀዱለት። በማኅበር ስብሰባም ላይ ተከራዩ ይናገር፤ በጠፋው አምፑል የሚሰናከለው እርሱም ጭምር ነውና።

አንተ ግን እስኪጠሩህ አትጠብቅ። ከገባህበት ቀን ጀምሮ ይህን አድርግ፤ በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች ያሉትን ሰዎች ስም ያዝ። የዕድሩ ዳኛ ማን እንደ ሆኑ ጠይቀህ ተመዝገብ፤ ወርኃዊ መዋጮው ከአንድ ቀን ምሳህ ብዙም አይበልጥም። በሰፈሩ ለቅሶ ሲኖር ሟቹን ባታውቀውም ደርሰህ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥ። በበዓል ቀን ከዶሮህም ሆነ ከዳቦህ ለጎረቤት ቅመስ በል፤ እምነቱ ሌላ ከሆነም የሚበላውን ዐውቀህ አድርግ። የተማርህ ነህና ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግራቸው እናት ጻፍላቸው፤ ለግቢው ልጆች ሒሳብ አስረዳቸው። ይህ ሁሉ የሚጠይቅህ ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምተሃል፤ ነገር ግን ጎረቤት ቅርብ የሚሆነው ቤቱ ስለ ቀረበ ብቻ አይደለም፤ አንተም ስትቀርበው ነው።

እንግዲህ ቤት ስትፈልግ ወደ እኔ ወይም ወደ ባልንጀሮቼ ና፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ቆጣሪውንና ካርታውን እናሳይሃለን። ኮሚሽናችንንም እንቀበላለን። በዚያ ቤት የምትኖርበትን ሰፈር ግን እኛ ልንሸጥልህ አንችልም፤ በማንም ደላላ እጅ አይገኝምና። እርሱን የምትሠራው አንተው ነህ፤ ተከራይም ብትሆን ባለ ካርታ፣ ሥራው የሚጀምረው ነገ ጠዋት በደረጃው ላይ ለምታገኘው ሰው በምትሰጠው ሰላምታ ነው።

ሰላም ሁን።